ሐጂ ኡመሬ ወፍጮ ያቆሙበት ቅዳሜ

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሳሎን ቁጭ ብላ ኮምፒዩተሯ ላይ አንድ ፕሮግራም ለመጫን ስትታገል አየኋት። እየሞላ የሚሄደው ሰማያዊ መስመር ጫፉ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ መጫን አልተቻለም የሚል ጽሑፍ ይወጣል። አጠፋች፣ አበራች፤ ኢንተርኔቱን ነቅላ ሰካች፤ ለጓደኛዋ ደውላ ጠየቀች። እምቢ አላት። እሷ ግን ጉዳዬም አላለች። «ምን ችግር አለው እማዬ፣ ነገ እንደገና እሞክረዋለሁ» ብላኝ ሻይዋን መጠጣት ጀመረች። እንጃ ምን እንደነካኝ፣ ደሜ ፈላ። «ነገ የሚባል ነገር ለሁሉም ሰው አለ ያለሽ ማነው?» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ክው አለች። ነጠላዬን ጎትቼ በረንዳ ወጣሁና ለብቻዬ ስነጫነጭ አመሸሁ። እሷ ምን አጠፋች? ምንም። እኔ የማውቀው ፕሮግራም ግን እንደገና የሚባል ነገር አልነበረውም። በአንድ ቅዳሜ መሥራት ነበረበት። ከሠራ ወንድሜ ሙሉጌታ እቤቱ ይኖራል፣ ካልሠራ ለውትድርና ይሄዳል። ነገሩ ይኸው ነበር።

ዛሬ ከተማዋ ጭሮ ናት። እኛ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት፤ አንደበቴም ስላልለቀቃት እንደዚያው ልበላት። እኩዮቼ ለቅሶ ቤት ሲገናኙ ስለዚያ ዘመን ማውራት ይወዳሉ። ደግ ጊዜ ነበር ይላሉ፤ ቅቤው እንዲህ ይሸጥ ነበር፣ በጉ እንዲያ። እኔ ይሄን ስሰማ ያንገሸግሸኛል። እናት ሁሉ ልጇን ቆጥ ላይ የምትደብቅበት ጊዜ በየት በኩል ነው ደግ የሚሆነው? ግን አልዋሽም፣ የሚናፍቀኝ ነገር ሞልቷል፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ከገለምሶና ከበዴሳ የሚመጡት መኪኖች አቧራቸውን ለብሰው መናኸሪያ ሲገቡ፣ የመቻራ ቡና የጫነው ጆንያ ሲራገፍ የሚሸተው ሽታ፣ በስሙኒ ሻይ ከቦምቦሊኖ ጋር የሚበላበት ያ የቆርቆሮ ሻይ ቤት፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ አለ። እኔ ፕሊሴ ጉርዴን ለብሼ፣ ፀጉሬን በቀይ ሻሽ አስሬ ሳልፍ፣ ማዕዘኑ ላይ ያለው የተክሌ ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ አዲስ የወጣ ዘፈን ይለቅብኛል። ሙሉጌታ አንድ ቴትሮን ሱሪ ነበረው። ሌሊት ከፍራሹ ሥር አንጥፎ ይተኛበትና ጠዋት እንደ ምላጭ ስለታም መስመር አውጥቶ ይለብሰዋል። ካውያ ስላልነበረን ነው። እንዲያም ሆኖ ሰፈሩ ውስጥ እንደሱ የሚዘንጥ አልነበረም።

ሙሉጌታ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰው ድሬዳዋ፣ አጎታችን ቤት ሆኖ ነው። እዚያ ሒሳብ የሚያስተምራቸው ህንድ መምህር ነበር። ሰውየው ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ሲሄድ ዕቃውን ሁሉ ሸጠ፤ ለሙሉጌታ ደግሞ ከሌላው ተማሪ ይወደው ስለነበር አንዲት ኮምፒዩተር በርካሽ ለቀቀለት። ኮምፒዩተር ስላችሁ የዛሬውን እንዳታስቡ። የትልቅ ደብተር ያህል ስፋት ያላት ጥቁር ነገር ናት፣ ላይዋ ላይ ቁልፍ የተደረደረባት። የራሷ መስኮት የላትም፣ ቴሌቪዥን ላይ ነው የምትሰካው። ባጠፏት ቁጥር ሁሉን ትረሳለች፤ ስለዚህ ባበሯት ቁጥር ፕሮግራሙን ከተራ የዘፈን ካሴት በተራ ቴፕ፣ በቀጭን ሽቦ በኩል እንደገና ማጉረስ ነው። ካሴቱን እንዲያው ቢያዳምጡት ጆሮ የሚበሳ ሲጥሲጥታ ነው፣ የወፍጮ ቀበቶ ሲንሸራተት የሚያወጣውን ዓይነት። ያ ጩኸት ውስጧ ገብቶ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ ላይ ጽሑፍ ይመጣል። ህንዱ የሠራው ፕሮግራም የተማሪ ስም፣ ዕድሜና ውጤት በእንግሊዝኛ ፊደል ሲያስገቡለት በፈለጉት መንገድ ይደረድረዋል። በስም ከተባለ በስም፣ በዕድሜ ከተባለ በዕድሜ። ያን ጊዜ ይሄ ተአምር ነበር።

እኛ ቤት ቴሌቪዥን ከየት ይመጣል። በሰፈሩ የነበረው አንድ ሐጂ ኡመሬ ቤት ነው። ሐጂ ኡመሬ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጫት ይነግዳሉ፣ ከግቢያቸው ፊት ለፊትም ወፍጮ ቤት አላቸው። ሙሉጌታ መጀመሪያ ማሽኗን ይዞ ሳሎናቸው ሲገባ ነገሩ አልጣማቸውም ነበር። የሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን ስም ጽፎ፣ የእኔንም የራሱንም ጨምሮ፣ በዕድሜ ደርድሮ ሲያሳያቸው ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው «ወላሂ፣ ይሄ ነገር የአክስቴን ልጆችም ይለይልኛል» አሉ። የአክስታቸው ልጆች ብዛት ለራሳቸውም ያስቸግራቸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሎናቸው የእኛ ሆነ። ሙሉጌታ ሲሠራ አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ካሴት የማጠነጥነው፣ ሽቦ የምይዘው፣ ድምፅ የማስተካክለው። አስተምሮኝ ስለነበር እሱ በሌለበትም ብቻዬን አስነሳታለሁ።

ወሬ መቼም እግር አለው፣ የአውራጃው ኃላፊ ጆሮ ደረሰ። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ በሰላም ይኖራሉ፣ እነሱ ምን አደረጉኝ። ሳፋሪ ኮት የሚለብስ፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሚደረድር፣ ሲናገር ሰው ትከሻ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው ነበር። የዚያን ጊዜ ለውትድርና ልጆች የሚሰበሰቡበት ዙር ደርሶ ከየቀበሌው ጎረምሳ ይለቀማል። ኃላፊው ቤታችን በር ድረስ መጣና ሙሉጌታን ጠራው።

«ኮምፒዩተር አለው የሚሉህ እውነት ነው?»

«አዎ ጓድ።»

«ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«እንግዲያው ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ። ከሠራ ለመሥሪያ ቤቱ ታስፈልጋለህ ብዬ እጽፍልሃለሁ፣ ማንም አይነካህም። ካልሠራ አንተም እንደ ሰፈርህ ልጆች ሰልፍ ውስጥ ነህ።» እጁን ከትከሻው አነሳና ሄደ።

እናቴ የሰማችውን ሰምታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነሥታ ልጄ ከቀረልኝ አሰቦት ሥላሴ በእግሬ እሄዳለሁ ብላ ተሳለች። ሙሉጌታ ግን ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ምን ያስፈራናል? ማሽኗ ትሠራለች። አንድ ጭንቀት ብቻ ነበረው፤ ቴፕ ካሴት ይበላል። ያቺ ካሴት ከተበላች ሌላ የለም፣ ህንዱ ባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ ለመጠባበቂያ ግልባጭ ላስቀዳ ብሎ ወደ ተክሌ ካሴት ቤት ይዟት ሄደ። ባለ ሁለት ቴፕ ማጫወቻ ያለው ተክሌ ብቻ ነበር። «እንዳለ ነው የምትቀዳው፣ አደራ ምንም እንዳትነካ» አለው። ተክሌም እሺ አለ። በማግስቱ ሁለቱን ካሴቶች በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው።

ሐሙስ ለልምምድ ሐጂ ቤት ሰካናት። ሲጥሲጥታው ገባ፣ የፕሮግራሙ ስም ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ፣ መስመሮቹ ላይ ታች አሉ፤ ከዚያ በመሃል ቀጥ። ካሴቱን ማንበብ አልተቻለም የምትል አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር መጣች። ሙሉጌታ አልደነገጠም። ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ። እዚያው ስትደርስ ቀጥ። ግልባጩን አደረገ፤ እሷም እዚያው ስትደርስ ቀጥ። ካሴቱን የሚያነበው የቴፑ ሄድ ቆሽሾ ይሆናል ብሎ እናቴ ለእንግዳ የደበቀቻትን አረቄ በጥጥ ነክሮ ጠረገው። ሐጂ ኡመሬ የአረቄው ሽታ ሳሎናቸውን ሲሞላው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው «አስተግፊሩላህ፣ ቶሎ ጨርስ» አሉት። ከአረቄው በኋላም ቀጥ። ካቻቢቴ አምጥቶ ሄዱን የምትይዘውን ብሎን ትንሽ ላላ፣ ትንሽ ጠበቅ አደረጋት። ሽቦውን ቀየረ። ቴፑን በመብራት ፋንታ በድንጋይ ባትሪ አሠራው፣ ባትሪ ያን ጊዜ እንደልብ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ምንም። ዛሬ ልጄ ሦስቴ ሞክራ ሻይዋን ስትጠጣ ሳይ፣ የእሱ ግንባር ላይ የነበረው ላብ ትዝ ይለኛል፤ አንጀቴ እርር ይላል።

ይሄን ሁሉ ስንታገል አንድ ነገር ልብ አልን። ወፍጮው ሲነሣ የቴሌቪዥኑ ምስል ከዳር ዳር እየጠበበ ይመጣል፤ ወፍጮው ሲያርፍ ይሞላል። ሙሉጌታ ጭኑን መታ። «ወፍጮው ነው! መብራቱን እየጎተተባት መሃል ላይ ትደክማለች።» ልክ መሰለን። ዓርብ ሐጂ ለጁምዓ ሲሄዱ ወፍጮው ስለሚቆም ያን ጊዜ እንሞክር ብለን ተዘጋጀን፤ ወፍጮው ቆመ፣ መብራቱም አብሮ ጠፋ። መብራት ማለት እንደዚያ ነበር፤ በፈለገው ጊዜ መጥቶ በፈለገው ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ የቀረን ቅዳሜ ብቻ ሆነ። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው። ከየገጠሩ የመጡ ሴቶች ሸጠው ሸምተው እህላቸውን አስፈጭተው የሚመለሱበት ቀን። ሙሉጌታ ለመጠየቅ አፍሮ ወዲያ ወዲህ ሲል ሐጂ ራሳቸው ነገሩን ጨረሱት። «ወፍጮው ይቆማል» አሉት። «እህሉ እንደሆነ የትም አይሄድም። ልጁ ነው የሚሄደው።»

ይሄን ቃል አልረሳም። ሰው ያን ጊዜ እንደዚህ ነበር። ታዲያ ይሄን የመሰለ ሰው ያለበትን አገር እንደ ኃላፊው ያለ ሰው እጅ ላይ የጣለውን ነው እኔ የምጠይቀው።

ቅዳሜ ኃላፊው መጣ። ብቻውን አልመጣም፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን አስከትሎ፣ ልጆቹን ነጭ ካልሲ አልብሶ፣ ሲኒማ እንደሚገባ ሰው። ሶፋውን ያዙት። ሐጂ ኡመሬ ወጥተው ወፍጮውን አስቆሙ። ደጅ የተሰለፉት ሴቶች ለምን ብለው ጠየቁ፤ የወፍጮው ሠራተኛ በኦሮምኛ የጎረቤት ልጅ እንዳይሄድ ነው ሲላቸው ጆንያቸው ላይ ቁጭ አሉ፤ አንዲትም አላጉረመረመችም። ሰፈሩ ጭር አለ። የሐጂ ሁለት ልጆች በሩ ላይ ቆመው ማንም እንዳይገባ ይጠብቃሉ። እናቴ በኩሽናው በኩል ትጸልያለች። ሙሉጌታ ያቺን መስመረኛ ሱሪውን ለብሷል። ቴፑን ጫነው። ስሙ ወጣ፤ መስመሮቹ ሮጡ፤ የቴሌቪዥኑ ምስል ሙሉ ነው፣ አልጠበበም። እዚያው ቦታ ደረሰች፤ ቀጥ።

«ምን ሆነ?» አለ ኃላፊው።

«ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ ጓድ።»

አጠነጠነ፣ እንደገና አስነሣ። እዚያው ቀጥ። ያን ጊዜ እስካሁን ያላደረገውን አደረገ። ሽቦው ሲሰካ የቴፑ ድምፅ ስለሚታፈን ካሴቱ ላይ ያለውን ከሐሙስ ጀምሮ በጆሯችን ሰምተነው አናውቅም፤ ጩኸት ማን ያዳምጣል? ሽቦውን መዞ አወጣው። ከቴፑ ውስጥ ሲጥሲጥታ አልወጣም። ዘፈን ወጣ። የዚያን ሰሞን ልጅ አዋቂው ትከሻውን የሚነቀንቅበት፣ ክራርና ከበሮ ያለው ዘፈን፣ ሙሉ ድምፁን ለቆ ሳሎኑን ሞላው። የኃላፊው ልጆች ተነሥተው ጨፈሩ። ሚስቱ አጨበጨበች። እሱ ሶፋው ላይ ወደኋላ ተለጥጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ይሄማ የተክሌ ቤት ነው!» አለ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገ፣ ተነሣ፣ ሙሉጌታ ትከሻ ላይ እጁን አሳረፈ። «ተዘጋጅ» አለው። ያ ዘፈን እስከ ዛሬ ሠርግ ላይ ሲከፈት ሳህኔን አስቀምጬ እወጣለሁ። ሰዎች ነጠላዬን ረስቼ የምወጣ ይመስላቸዋል።

ተክሌ ጋ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ በነጠላ ጫማ፣ ሻሼ ወልቆ። ካሴቱን ባንኮኒው ላይ ወረወርኩት። «ምን አድርገህ ነው?» አልኩት። እሱ ግራ ገባው። «ጩኸቱን እንዳለ ቀዳሁ። ጩኸቱ አለቀ፣ ዝም አለ። ከዚያ ባዶውን መረቅኩለት» አለኝ። የካሴት ቤት ደንቡ ነበር። ጫት ሻጭ ከእስሩ በላይ ሁለት ዘንግ እንደሚመርቀው፣ ተክሌም ካሴት ላስቀዳ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ያላዘዘውን አንድ ጥሩ ዘፈን ይመርቃል። ባዶ አድርጎ መመለስ ስስት ነው፣ ነውር ነው። ፕሮግራሙ ግን አላለቀም ነበር። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጩኸት መሃል ትንፋሽ የምታህል ዝምታ አለች። ተክሌ እዚያች ላይ ጆሮውን አነሣና ቀሪው ላይ ዘፈን ቀዳበት።

«ሁለቱም ላይ?»

«አንዱን መርቄ ሌላውን ልከለክለው?» አለኝ። ሲገባው ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ክፉ ቢሆን ረግሜው ይወጣልኝ ነበር።

እሑድ ሙሉጌታ ቤተ ክርስቲያንም አልሄደ፣ እህልም አልቀመሰ። ህንዱ ፕሮግራሙን ሲሠራ አጠገቡ ሆኖ አይቶት ስለነበር የጠፋውን ክፍል ከጭንቅላቱ እያወጣ ሐጂ ሳሎን ማሽኗ ላይ መጻፍ ያዘ። ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ግንባሩን ይይዛል። የሐጂ ሚስት ሾርባ አቀረበችለት፣ እፊቱ ቀዘቀዘ። ወደ ማታ ጨረሰና የተጠገነውን በአዲስ ካሴት ቀዳው። ከዚያ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለቱን ትንንሽ ጥርሶች በካቻቢቴ ሰበራቸው፤ እነሱ ከተሰበሩ ማንም በላዩ መቅዳት አይችልም። ልንሞክረው ስናጠነጥን መብራት ጠፋ። ጠበቅን። አልመጣም። ጠዋት የጭነት መኪናው መጣ።

መኪናው ላይ ሳይወጣ እናቴን ጉልበቷን ስሞ ወደ እኔ ዞረ። «ድምፁን ስድስት ላይ አድርጊው» አለኝ። «ካነሰ አትሰማም። ሞክሪውና ሠራ አልሠራ፣ በሰው ላኪብኝ።» ሰው ስንቅ ያማረዋል፣ እናቱን አደራ ይላል። እሱ የጠየቀው ይሄን ነው።

መብራት ሲመጣ ሐጂ ቤት ሄጄ ብቻዬን ሰካኋት። ስድስት ላይ አደረግኩት። ጩኸቱ ገባ፣ ዝምታዋ አለፈች፣ ሁለተኛው ጩኸት ገባ፤ ቴሌቪዥኑ ጠራ። ሠራች። ስሞች አስገባሁ፣ በዕድሜ ደረደረችልኝ፤ ሙሉጌታ ከላይ፣ እኔ ቀጥሎ፣ ከእኛ ሥር የሐጂ ሁለት ልጆች። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። እየሮጥኩ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ።

«ሠርታለች ጓድ፣ በዓይንዎ ይዩዋት፣ ወንድሜን ይመልሱልኝ» አልኩት።

እንዲህ በቀላሉ እሺ ይለኛል አላልኩም ነበር። «ነገ እዚህ አምጫት። አዳራሹ ውስጥ ቴሌቪዥን አለ። ሠርታ ካየኋት በአንድ ደብዳቤ አስመልሰዋለሁ፣ ገና ማሠልጠኛ ናቸው» አለኝ። ያን ሌሊት ለእናቴ እንኳ ሳልነግራት በደስታ እንቅልፍ አጣሁ።

በማግስቱ ማሽኗንና ቴፑን በነጠላ ጠቅልዬ ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ኃላፊውና የቀበሌያችን ሊቀመንበር ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ሽቦውን ስሰካካ እነሱ ከጀርባዬ ያወራሉ። እኔ የለሁም እንደማለት ነው፤ ሴት ልጅ ሽቦ ስትሰካ ጆሮ ያላት አይመስላቸውም።

«በዕድሜ ይለያል ነው የምትለው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ይለያል እንጂ። የቤት ለቤቱን ምዝገባ በሙሉ እናስገባለታለን። ከእንግዲህ ዕድሜ ቀንሶ የሚያመልጥ የለም። የሐጂ ኡመሬ ልጆች ለምሳሌ፣ አሁን ደርሰዋል አይደል?»

«ትልቁ ደርሷል። ትንሹም ለሚቀጥለው ዙር ይደርሳል።»

እጄ ቴፑ ላይ ነበር፣ ስድስት ላይ። ወፍጮው ቆሞ ጭር ያለው ሰፈር፣ ጆንያቸው ላይ የተቀመጡት ሴቶች፣ በሩን የጠበቁልን ሁለት ልጆች፣ ሁሉም እዚያች አዳራሽ ውስጥ መጡብኝ። ሙሉጌታም መጣብኝ። ደብዳቤው አለ፣ እርሳስና ወረቀት ነው የቀረው። በቃ አዝራሩን መጫን። ተናደድኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ይሄ ሁሉ ወንድ ባለበት አገር፣ ይሄ ሁሉ ሹም ባለበት፣ የማን ልጅ ይሂድ የማን ይቅር የሚለው ነገር እንዴት በእኔ አውራ ጣት ላይ ይወድቃል? ጥርሴን ነከስኩና ድምፁን ሁለት ላይ አወረድኩት። አዝራሩን ተጫንኩ። ካሴቱ ዞረ፣ ዞረ። ቴሌቪዥኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

«እንደገና ሞክሪ» አለኝ ኃላፊው። የማስተካክል መስዬ ወደ አንድ አወረድኩት። ምንም አልመጣም።

«ድሮም ወንድምሽ ወሬኛ ነው» አለኝና ተነሣ። «ይቺን መጫወቻሽን ይዘሽልኝ ሂጂ።»

አልጸጸትም። ይሄን የምጽፈው ይቅር በሉኝ ለማለት አይደለም። ደብዳቤውን ይጽፍ ነበር ወይስ ለማያውቁሽ ታጠኚ ነው፣ አላውቅም፤ የማላውቀውም ነገር ነው ሌሊት ሌሊት የሚያቃጥለኝ። የሐጂ ልጆች ቀስ ብለው በጅቡቲ በኩል ወጡ። ትልቁ ዛሬ ገለምሶ ውስጥ የልጅ ልጆች ያሉት ነጋዴ ነው፣ በበዓል በግ ይልክልኛል፤ በጉን ስቀበል ለምን እንደማለቅስ አያውቅም። ሐጂም ሳያውቁ ሞቱ። በሕይወት ሳሉ ሲያገኙኝ «ኢንተላ ቲያ፣ ያ ማሽን ወፍጮዬን አስቁሞኝ» እያሉ ይስቁ ነበር፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከተማው ደግሞ ተረት አበጀለት። አውርቶ የማይሠራ ሰው ሲያጋጥም የሙሉጌታ ማሽን ይሉታል። ዛሬም ከዚያ ዘመን የተረፉ ሽማግሎች ሲሉት እሰማለሁ። እናቴ ልጇ በእንዲህ ያለ ተረት ስሙ ሲነሣ እየሰማች ነው የኖረችው። ለእሷም አልነገርኳትም። እናት ምስጢር አትይዝም፣ የልጇን ስም ለማንሣት ስትል ደጅ ወጥታ ትናገረው ነበር። የሙሉጌታን መርዶ ሊያረዱን ሰዎች ሲመጡ እንኳ አፌን ዘጋሁ።

ከመርዶው በፊት ግን አንድ ቀን ነበር። ኅብረት ሱቅ ስኳር መጥቶ ተሰልፈናል፣ ሰፈሩ ሁሉ አለ። ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆሞ ይቆጣጠራል። ወደ ሰሜን ስንቅ የሚያመላልስ የእኛው አገር ልጅ፣ ሹፌር ነው፣ መኪናውን ከሰልፉ አጠገብ አቆመና በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«የሺ፣ ሙሉጌታ ሰላም ብሎሻል። ደህና ነው። እማማንም ሳምልኝ ብሏል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቃት ብሎኛል፤ ሠራ ወይ ብለህ ጠይቃት ብሎኛል።»

ሰልፉ ወደ እኔ ዞረ። ሊቀመንበሩም ዞረ፣ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ነው።

«አልሠራም በለው» አልኩት።

«እንዲሁ ብቻ?»

«እንዲሁ ብቻ።»

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ጥሩ ልጅ ነበር፣ መልእክት የሚያደርስ። ነግሮታል።